የመላ ቤት እርጥበት ማስወገጃ አተካከል

እርጥበት በሚበዛበት አካባቢ የሚኖር ሰው ችግሩን መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳው ላይ ሳይሆን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ያልተነካ የቆዳ ጫማ ነጣ ያለ ሻጋታ ለብሶ ይወጣል፤ ጨው በዕቃው ውስጥ ይጋገራል፤ የእንጨት በር አብጦ ከመቃኑ ጋር ይታገላል፤ ታጥቦ የደረቀ አንሶላ እንኳ ማታ ሲተኙበት እርጥብ እርጥብ ይላል። አየር ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ እየሠራ ቤቱ ቢቀዘቅዝም ገላ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ፣ የጎደለው ብርድ ሳይሆን የአየሩ መድረቅ ነው።

አየር ማቀዝቀዣ እርጥበት መቀነሱ እውነት ነው፤ የሚቀንሰው ግን አየሩ በቀዝቃዛው ኮይል (የማቀዝቀዣው ጋዝ በሚዞርበት የተጠማዘዘ ቱቦ) ላይ ሲያልፍ ተኑ ወደ ውሃ ስለሚለወጥ እንጂ እርጥበቱን እየለካ ስለሚሠራ አይደለም። የሙቀት መቆጣጠሪያው (ቴርሞስታቱ) የተፈለገውን ሙቀት ካገኘ መሣሪያው ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ አየሩ የቱንም ያህል ቢከብድ የሚያየው የለም። በዝናብ ወቅትና በሌሊት፣ ሙቀቱ መጠነኛ ሆኖ አየሩ ግን ውሃ ሲያዝል፣ ይህ ክፍተት ጎልቶ ይወጣል። ለቤቱ ከሚያስፈልገው በላይ ጉልበት ያለው አየር ማቀዝቀዣ ከተተከለ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ቤቱን በጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ ስለሚያርፍ ኮይሉ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ወደ ማፍሰሻው ሳይወርድ ተመልሶ ይተናል።

በብዙዎች ዘንድ ዲሂዩሚዲፋየር የሚባለው የመላ ቤት እርጥበት ማስወገጃ ይህን ክፍተት ይሞላል። በአንድ ሣጥን ውስጥ ቀዝቃዛ ኮይልና ሙቅ ኮይል ጎን ለጎን አሉ፤ አየሩ መጀመሪያ በቀዝቃዛው ላይ አልፎ ውሃውን ይጥላል፣ ቀጥሎ በሙቁ ላይ አልፎ ደርቆና ከገባበት ሞቅ ብሎ ይወጣል። የማቀዝቀዣው ጋዝ ፋብሪካ ውስጥ ታሽጎ ስለሚመጣ ተካዩ ጋዝ መሙላት አይጠበቅበትም። መሣሪያው ውሃን ከአየር ወደ ፍሳሽ ቧንቧ ያዛውራል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ጠቅላላው የተከላ ሥራ ሦስት መንገዶችን አስተካክሎ ማበጀት ነው፤ እነሱም እርጥቡ አየር የሚገባበት፣ ደረቁ አየር የሚሄድበትና ውሃው የሚወጣበት ናቸው። እኔ እንዳየሁት ተተክለው አልሠሩም የሚባሉት መሣሪያዎች አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው፤ የተበላሸው ከሦስቱ መንገዶች አንዱ ነው።

ከመግዛት በፊት መለካት

የቤቱን አንጻራዊ እርጥበት፣ ማለትም አየሩ በዚያ ሙቀት መያዝ ከሚችለው ተን ስንት በመቶውን እንደያዘ፣ ሃይግሮሜትር በሚባለው የእርጥበት መለኪያ ይለኩ። የአንድ ቀን ልኬት አይበቃም፤ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ በመኝታ ክፍል፣ በሳሎንና ምድር ቤት ካለም እዚያ እየመዘገቡ ከቆዩ የቤቱን ጠባይ ያውቁታል። ርካሽ ሃይግሮሜትር ከትክክለኛው ቁጥር 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሊርቅ ስለሚችል መለኪያው ራሱ አስቀድሞ መፈተሽ አለበት፤ ለዚህም የወጥ ቤት ጨው ይበቃል። አንድ ቆርኪ ጨው ላይ ጥቂት የውሃ ጠብታዎች ጨምረው እንደ እርጥብ አሸዋ እስኪሆን ያርሱት፤ ጨው ሟሙቶ ማለቅ የለበትም፣ ውሃም በላዩ ላይ መቆም የለበትም። ቆርኪውንና ሃይግሮሜትሩን እንዳይነካኩ አድርገው አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይዝጉና ሙቀቱ በማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ያቆዩአቸው። ከእርጥብ ጨው ጋር የታሸገ አየር በተለመደው የክፍል ሙቀት 75 በመቶ ላይ ይረጋል። ስለዚህ ሃይግሮሜትሩ 70 ካሳየ 5 ዝቅ አድርጎ ያነባል ማለት ነውና ከዚያ በኋላ በሚያነቡት ቁጥር ላይ 5 ይጨምራሉ።

ግቡ በቤቱ ውስጥ ያለውን እርጥበት ከ45 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ማቆየት ነው። ከ60 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይመቸዋል፤ ከ50 በመቶ በታች ሲሆን በአልጋና በምንጣፍ ውስጥ የሚኖሩት የአቧራ ትሎች እየተቸገሩ ይሄዳሉ። ከ40 በታች ማውረድ ግን ኃይል ከመጨረስ አልፎ እንጨት እንዲሰነጠቅና ጉሮሮ እንዲደርቅ ያደርጋል።

ልኬቱን ከያዙ በኋላ ወዲያው ወደ ግዢ አይሂዱ። እርጥበቱ የሚገባበትን ቀዳዳ ሳይደፍኑ መሣሪያ መትከል ውሃ በቀዳዳው እየገባበት ካለ ጀልባ ውሃውን በጣሳ እንደ መቅዳት ነው። የመታጠቢያ ቤትና የምድጃ አየር መምጠጫዎች ወደ ውጭ እንጂ ወደ ኮርኒስ ውስጥ አለመክፈታቸውን፣ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ቱቦ አለመላቀቁን፣ የጣሪያ ውሃ ከመሠረቱ ርቆ መውረዱን ይመልከቱ። ከወለሉ ሥር ባዶ አፈር ካለ ቢያንስ 0.15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የፕላስቲክ ሸራ ይሸፈን፤ ሸራዎቹም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ተደራርበው መገናኛቸው ይታሸግ። ከኮርኒስ በላይ የሚያልፍ የአየር ማቀዝቀዣ ዳክት (የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ) ቀዳዳ ካለው በተለይ አይለፉት፤ ቀዝቃዛ አየር በዚያ እያፈሰሰ ቤቱ በምትኩ የውጭውን እርጥብ አየር በየስንጥቁ ይስባል።

ምን ያህል አቅም ያስፈልጋል

የመሣሪያው አቅም በቀን በሚያወጣው ውሃ ይገለጻል። አንዳንዱ ካታሎግ በሊትር፣ አንዳንዱ በአሜሪካ ፓይንት ይጽፋል፤ አንዱ ፓይንት 0.47 ሊትር ገደማ ስለሆነ 70 ፓይንት የተባለው 33 ሊትር፣ 98 ፓይንት የተባለው 46 ሊትር ያህል ነው። ከዚህ ቁጥር ጋር ልኬቱ የተወሰደበትን ሙቀት ማንበብ ያስፈልጋል፤ አንዱ መሣሪያ በ27 ዲግሪ ሴልሺየስና በ60 በመቶ እርጥበት፣ ሌላው በ23 ዲግሪና በ60 በመቶ ተፈትኖ ሊሆን ይችላል። ሞቃት አየር ብዙ ተን ስለሚይዝ ያው መሣሪያ በ27 ዲግሪ ሲፈተን የተሻለ ቁጥር ያመጣል። በቤት ውስጥ የሚኖረው ሙቀት ለ23 ስለሚቀርብ የማምነው ሁለተኛውን ነው።

የቤቱን ፍላጎት በሒሳብ መገመት ይቻላል። አራት ሰዎች በትንፋሽ፣ በላብ፣ በምግብ ማብሰልና በገላ መታጠብ በቀን ወደ 10 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ወደ አየር ይለቃሉ። ትልቁ ሸክም ግን ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚገባው አየር ነው። ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር፣ የኮርኒሱ ከፍታ 2.5 ሜትር የሆነ ቤት 500 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል፤ በየሰዓቱ ከአየሩ አንድ አምስተኛው በስንጥቅና በመስኮት ዳር ቢለወጥ 100 ሜትር ኩብ የውጭ አየር ይገባል ማለት ነው። የውጭው አየር የጤዛ ነጥብ፣ ማለትም ሲቀዘቅዝ ተኑ ወደ ውሃ መለወጥ የሚጀምርበት ሙቀት፣ 24 ዲግሪ ከሆነ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም አየር ወደ 19 ግራም ውሃ ይዟል፤ ቤቱን በ24 ዲግሪና በ50 በመቶ ማቆየት ከተፈለገ ግን መያዝ ያለበት 9 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ልዩነቱ በሰዓት ከ1 ሊትር ጥቂት ከፍ ይላል፤ በቀን 27 ሊትር ይሆናል። ከሰዎቹ ጋር ሲደመር 37 ሊትር መሆኑ ነው። አየር ማቀዝቀዣው በሚሠራበት ሰዓት የዚህን ከፊል ቢያነሳም፣ የሚቆምበት ዝናባማ ሌሊት አለና መሣሪያው ብቻውን ሊሸከም የሚችለውን መምረጥ ይገባል። በዚህ ምሳሌ 45 ሊትር አካባቢ ያለው ተስማሚ ነው። በሁለት መጠኖች መካከል ከተወላወሉ ከፍ ያለውን ይውሰዱ፤ በአየር ማቀዝቀዣ ላይ የሚጎዳው ትርፍ ጉልበት እዚህ ላይ እምብዛም አይጎዳም።

ብዙዎች የማያስቡት የሙቀቱን ጉዳይ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከተንነት ወደ ፈሳሽነት ሲመለስ 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይለቃል፤ በዚህ ላይ ሞተሩ የተጠቀመው ኤሌክትሪክ ይጨመራል። በቀን 30 ሊትር የሚያወጣና በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 2.5 ሊትር የሚያወጣ መሣሪያ በጠቅላላው ወደ 32 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይለቃል፤ ይህም ከ1.3 ኪሎዋት ማሞቂያ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ቢውል ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ደረቁን አየር በአንድ መኝታ ክፍል ብቻ መልቀቅ ተኚውን ማስጨነቅ ነው፤ በቤቱ ሁሉ መበተን አለበት።

መሣሪያው የሚቀመጥበት ቦታ

መሣሪያው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ የአየር ማቀዝቀዣው የቤት ውስጥ አካል ባለበት ክፍል፣ በምድር ቤት ወይም ከኮርኒስ በላይ ሊቀመጥ ይችላል። ምርጫ ካለ ከኮርኒስ በላይ አይሁን፤ እዚያ የሚፈስ ውሃ ራሱን የሚያሳየው የመኝታ ክፍልን ጣሪያ አበላሽቶ ነው። የግድ ከሆነ ከሥሩ ሰፊ ሳህን ይቀመጥ፤ ሳህኑ ላይም በውሃ ታንከር ውስጥ እንደሚንሳፈፈው ኳስ ውሃው ከፍ ሲል ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ተንሳፋፊ ማጥፊያ ይገጠም። የማጣሪያው በር ለመክፈት የሚበቃ ክፍት ቦታ መተው አለበት፤ ማጣሪያው በቀላሉ የማይወጣ ከሆነ ማንም አይቀይረውም።

በመጓጓዣ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ከነበረ ቀጥ አድርገው አቁመው እስከ 24 ሰዓት ይጠብቁ፤ ወደ ቧንቧዎቹ የሄደው ዘይት ጋዙን ወደሚያምቀው ሞተር (ወደ ኮምፕረሰሩ) መመለስ አለበት። በአራቱም ማዕዘን የጎማ ማስቀመጫ ያድርጉ፤ በውሃ ልክም በሁለቱም አቅጣጫ ያስተካክሉ፤ መሣሪያው ካዘነበለ ውሃው ወደ ማፍሰሻው ሳይሆን ወደ ተቃራኒው ጥግ ይሄዳል።

በጋዝ የሚነድ የውሃ ማሞቂያ ወይም ምድጃ ባለበት ዝግ ክፍል ውስጥ የመሣሪያው አየር መሳቢያ በፍጹም አይከፈት። መሳቢያው የክፍሉን አየር ሲጎትት በጭስ ማውጫው መውጣት የነበረበትን ጋዝ ወደ ቤት ሊመልስ ይችላል፤ ያ ጋዝ ሽታ የሌለውን ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዟል። እንዲህ ያለ ዕቃ ባለበት ቤት ሁሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይሰቀል።

የአየሩ መንገድ

በዳክት የሚሠራ አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት የሚመከረው አገጣጠም ይህ ነው። እርጥቡ አየር በቤቱ መካከል ካለ ኮሪደር ወይም ሳሎን ራሱን በቻለ መሳቢያ ይገባል፤ ደረቁ አየር ደግሞ ከአየር ማቀዝቀዣው ኮይል በኋላ ባለው ዋና አከፋፋይ ዳክት ውስጥ ይገባል፤ አከፋፋዩም ወደየክፍሉ ያደርሰዋል።

ከኮይሉ በኋላ የሚለው ቃል በጣም አስፈላጊ ነው። ለሥራ ያመቻል በሚል ደረቁን አየር ከኮይሉ በፊት ባለው መመለሻ ዳክት ውስጥ የሚያገቡ ተካዮች አሉ። እንዲህ ሲሆን ደረቅና ሞቃት አየር ውሃ ባዘለው ኮይል ላይ ያልፍና ውሃውን ተመልሶ ይጠጣዋል፤ አየር ማቀዝቀዣው እየሠራም ከሆነ የሚቀበለው አየር ደርቆና ሞቆ ስለሚደርሰው ራሱ የሚያወጣው ውሃ ይቀንሳል። ባልዲው ይሞላል፣ ቆጣሪው ይዞራል፣ የሃይግሮሜትሩ ቁጥር ግን አይነቃነቅም። ተክለው ውጤት ካጡ መጀመሪያ የሚፈትሹት ይህን ይሁን።

በመውጫው ላይ አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ዳምፐር መግጠምም ግዴታ ነው። የአየር ማቀዝቀዣው ማራገቢያ ሲሠራ በአከፋፋዩ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል፤ ዳምፐር ከሌለ ቀዝቃዛው አየር በቆመው እርጥበት ማስወገጃ ውስጥ ወደ ኋላ ይሮጣል፤ ሣጥኑም ከውጭ ያልበዋል። የአየር ማቀዝቀዣውን ማራገቢያ ደግሞ ሁልጊዜ እንዲሠራ ሳይሆን ከማቀዝቀዝ ጋር ብቻ እንዲነሳ አድርገው ይተዉት፤ ያለማቋረጥ የሚዞር ማራገቢያ በኮይሉ ላይ የቀረውን ውሃ ወደ ቤት ይመልሳል።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ነጠላ አየር ማቀዝቀዣዎች ብቻ ባሉበት ቤት መሣሪያው የራሱ ዳክት ይበጅለት፤ ከኮሪደር ይሳብ፣ ወደ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ክፍሎች ያከፋፍል። በሩ ተዘግቶ የሚታደርበት ክፍል ውስጥ የገባው አየር መውጫ ስለሚፈልግ ከበሩ ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው፤ ወይም ከበሩ በላይ የአየር ማለፊያ ይከፈት።

ዳክቱ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር አለው፤ ትክክለኛውን መጠን የአምራቹ መመሪያ ይነግራል፣ ከዚያም አይጠበብ። ተጣጣፊ ዳክት ከተጠቀሙ ጨርሶ ወጥረው ይዘርጉት፤ ተሸብሽቦ የቀረ ዳክት አየሩን ያንቃል። ከመሣሪያው ጋር የሚያያዘው የመጀመሪያው አንድ ሜትር ተጣጣፊ መሆኑ የሞተሩን ንዝረት ከቤቱ ይለያል። መገናኛዎቹ በዳክት ማስቲክ ወይም በአሉሚኒየም ቴፕ ይታሸጉ፤ የጨርቅ ቴፕ በሙቀት ይለቃል። ሙቅ በሆነ የጣሪያ ሥር የሚያልፍ ዳክት ሁሉ መሸፈኛ ይልበስ፤ የመሸፈኛው ውጫዊ ላስቲክም ሳይቀደድ ይቆይ፤ ከተቀደደ እርጥብ አየር ገብቶ በቀዝቃዛው ቧንቧ ላይ ይጤዛል።

የውሃው መንገድ

ውሃ በራሱ ክብደት መውረድ ከቻለ ከዚያ የሚሻል የለም። በተለምዶ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የፒቪሲ ቧንቧ ይበቃል፤ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ፤ በመሃሉ ወደ ላይ የሚወጣ ክፍል አይኑርበት። መመሪያው የሚጠይቅ ከሆነ ከመሣሪያው መውጫ አጠገብ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ሲፎን (ውሃ ይዞ አየር እንዳያልፍ የሚከለክል የቧንቧ መታጠፊያ) ይሠራል፤ ከሲፎኑ በኋላም ትንሽ የአየር መተንፈሻ ቧንቧ ይቆማል። ሲፎኑ በውሃ የተሞላ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ሲፎኑን ሳልሞላ መሣሪያ አስነስቼ ሄድኩ፤ ማራገቢያው በደረቁ ቧንቧ በኩል አየር እየሳበ ውሃውን ወደ ኋላ ያዘው፤ በማግስቱ ስመለስ ሳህኑ ሞልቶ ሣጥኑ በስፌቱ እያንጠባጠበ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ከማስነሳቴ በፊት አንድ ኩባያ ውሃ በሲፎኑ ውስጥ አፈስሳለሁ።

ቧንቧው በቀጥታ ከቆሻሻ ፍሳሽ መስመር ጋር አይጣበቅ፤ ጫፉ ከፍሳሹ አፍ በላይ ጥቂት ክፍተት ኖሮት ይንጠልጠል፤ አለበለዚያ ፍሳሹ ሲደፈን ቆሻሻው ወደ መሣሪያው ይመለሳል። ፍሳሹ ከመሣሪያው ከፍ የሚል ከሆነ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ (የኮንደንሴት ፓምፕ) ያስፈልጋል፤ ፓምፑ ሲበላሽ መሣሪያውን የሚያቆም የማስጠንቀቂያ ሽቦ ያለውን ይምረጡ። ሥራውን ከመዝጋትዎ በፊት አንድ ሊትር ውሃ በመሣሪያው ሳህን ላይ ቀስ ብለው አፍስሰው እስከ መጨረሻው ጫፍ ይከተሉት፤ በየመገናኛው ሥር ደረቅ ወረቀት ሲያስቀምጡ ጠብታዋ ትታወቃለች። የሚወጣው ውሃ ንጹሕ ቢመስልም በኮይልና በአቧራ ላይ ያለፈ ነውና አይጠጣም።

ኤሌክትሪክና መቆጣጠሪያ

በሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ቮልቴጅ ከቤቱ መስመር ጋር መስማማቱን ሳያዩ ምንም አይሰኩ። መሣሪያው የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ የመሬት ሽቦም ይያያዝለት። ይህን ክፍል ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። የመቆጣጠሪያው ቀጫጭን ሽቦዎች በአብዛኛው 24 ቮልት ብቻ ስለሚሸከሙ የዋናው መስመር ሽቦ ከነሱ ጋር ከተነካካ የመሣሪያው የኤሌክትሮኒክ ካርድ በቅጽበት ይቃጠላል።

እርጥበት የሚለካው መቆጣጠሪያ ከወለሉ 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በቤቱ መካከል ባለ የውስጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ከመታጠቢያ ቤት በር፣ ከምድጃ፣ ከፀሐይ ጨረርና ደረቁ አየር ከሚወጣበት አፍ ይራቅ። ደረቅ አየር የሚነፋበት መቆጣጠሪያ ቤቱ ደርቋል ብሎ ቶሎ ያቆማል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

መሣሪያውን ካስነሱ ከ20 ደቂቃ በኋላ በመግቢያውና በመውጫው ላይ ሙቀቱንና እርጥበቱን ይለኩ። የሚወጣው አየር ከሚገባው ሞቅ ያለና በግልጽ የደረቀ መሆን አለበት፤ እኩል ከሆኑ ኮምፕረሰሩ አልተነሳም። ቀጥሎ የማፍሰሻውን ጫፍ በባልዲ ውስጥ አድርገው የአንድ ሰዓት ውሃ ያጠራቅሙና ይለኩ። 45 ሊትር የተባለ መሣሪያ በፈተናው ሁኔታ በሰዓት 1.9 ሊትር ገደማ ያወጣል፤ ቤቱ እየደረቀ ሲሄድ መጠኑ ቢቀንስ ጤናማ ነው። ቤቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ ውሃው ጥቂት ከሆነ ግን ማጣሪያውንና የዳክቱን መታነቅ ይመርምሩ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሣሪያው ሳያርፍ ቢሠራ አይደንግጡ። እንጨቱ፣ ጂፕሰሙ፣ ምንጣፉና ፍራሹ ለዓመታት የጠጡትን ውሃ እየለቀቁ ነው፤ አየሩ ሲደርቅ እነሱ መልሰው ያረጥቡታል፤ ይህ አንድ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። የእንጨት ወለል ካለ መቆጣጠሪያውን መጀመሪያ 55 ላይ አድርገው ከሳምንት በኋላ ወደ 50 ያውርዱት፤ እንጨት በድንገት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማልም። መስኮት ከፍቶ ቤት ማናፈስ የለመደ ሰው በዚህ ጊዜ ልማዱን ይተው፤ የውጭው የጤዛ ነጥብ ከ13 ዲግሪ በላይ እስካለ ድረስ የሚከፈት መስኮት ውሃ የሚያስገባ ነው።

ማጣሪያው በየሦስት ወሩ ይታይ፤ አቧራ ለብሶ ከተገኘ ይቀየር። በዓመት አንድ ጊዜ ኤሌክትሪኩን አጥፍተው ኮይሉን በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ፤ በማፍሰሻው ውስጥ የሚያድገውን ዝቃጭ ለማስወገድም አንድ ኩባያ ነጭ ኮምጣጤ ያፍስሱና በንጹሕ ውሃ ያጥቡት። ተንሳፋፊውን ማጥፊያ በጣት ከፍ አድርገው መሣሪያው መቆሙን ያረጋግጡ። ደረቅ ወቅት ገብቶ መሣሪያው ለወራት ካረፈ በሲፎኑ ውስጥ ያለው ውሃ ተንኖ ያልቃል፤ እርጥበቱ ሲመለስ ከማስነሳትዎ በፊት ያችን አንድ ኩባያ ውሃ እንደገና ያፍስሱበት።